ከአልጋ ወደ ጀሪካን፦ ወገብ የሚያዘው መቼ ነው?

በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ሰው ውሃ በፈረቃ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ቧንቧው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ውሃ መጣ!» ሲባል ሰው ከብርድ ልብሱ ብድግ ብሎ በቀጥታ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ያጎነብሳል። በማግስቱ «ወገቤን ያዘኝ» ይላል፤ በጀሪካኑ ክብደት ወይም በሌሊቱ ብርድ ያሳብባል። ክብደቱ የራሱ ድርሻ አለው። እኔ ግን እዚህ ከክብደቱ ይልቅ ስለ ሰዓቱና ስለ ቅደም ተከተሉ መጻፍ እፈልጋለሁ። ጀሪካኑን ከኑሯችን ማስወጣት ባንችልም፣ መቼና እንዴት እንደምናነሣው ግን በእጃችን ነው።

የታችኛው ወገባችን 5 አከርካሪ አጥንቶች አሉት። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ዲስክ እንደ ስፖንጅ ነው፦ ቀን ስንቆምና ስንቀመጥ በክብደታችን እየተጨመቀ ውሃ ያጣል፣ ሌሊት ስንተኛ መልሶ ይመጥጣል። ጠዋት ቁመታችን ከማታው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ዲስኩ ውሃ ሞልቶ በተወጠረበት ሰዓት ስናጎነብስ በእሱና በጅማቶቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ከቀኑ ይበልጣል። ከተነሣን በኋላ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ውስጥ ትርፉ ውሃ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከእንቅልፍ በነቁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ከማጎንበስ ሲቆጠቡ ሕመማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተለወጠው የማጎንበሻው ሰዓት ነው።

እንግዲህ ውሃው ሁለት ሰዓት አይጠብቅም። መፍትሔው ማታ ነው የሚጀመረው። ከመተኛታችሁ በፊት ጎማውን ከቧንቧው ጋር አያይዛችሁ ሌላኛውን ጫፍ በርሜሉ ወይም ሮቶው ውስጥ ጨምሩት፤ ሌሊት የሚቀረው ቧንቧ መክፈት ብቻ ይሆናል። ጎማ የማያደርስ ከሆነ ባዶ ጀሪካኖቹን ማታውኑ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ነገር ላይ ደርድሯቸው። ሁለት ብሎኬት ቢደራረብ በቂ ነው። ጀሪካኑ ከፍታው ላይ እንዳለ ይሞላል፣ ሙሉውን ከመሬት ማንሣት አይኖርም። ስትነቁም ከአልጋ በጎን ተገልብጣችሁ፣ በክንዳችሁ ተደግፋችሁ ውረዱ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በሉ፤ መጀመሪያ ባለ 5 ሊትሩን የዘይት ጀሪካን፣ ባለ 20ውን መጨረሻ ላይ አንሡ።

ሁለተኛው አደገኛ ሰዓት ከረጅም ጉብጠት ቀጥሎ ያለው ነው። ሙሉ በሙሉ ስናጎነብስ የጀርባ ጡንቻ ሥራውን ለጅማቶቹ ያስረክባል። ጅማት ደግሞ ለብዙ ደቂቃ ሲወጠር ይለጠጣል፣ ቶሎም አይመለስም። 20 ደቂቃ ጎብጦ የቆየ ወገብ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚመለሰው ግማሽ ያህል ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም የቀረ መላላት ይኖራል። በዚያ መሃል ያለው ወገብ ጠባቂው የላላ ወገብ ነው። አሁን የልብስ አጠባን ሥርዓት አስቡት። ሰው ዝቅ ባለች በርጩማ ተቀምጦ ሳፋው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይጎብጣል፤ ከዚያ ብድግ ይልና ውሃ የሞላውን ሳፋ አቅፎ ሊደፋ ይሄዳል። ሳፋው 25 ሊትር ከያዘ 25 ኪሎ ነው፣ ያውም የሚዋልል 25 ኪሎ። ብዙ ሰው ወገቡ «ቀጭ» ያለበት ቅጽበት ይህ ነው፤ ጥፋቱ ግን ቀደም ብሎ ሲከማች ቆይቷል።

ሦስተኛው ከታክሲ ሲወረድ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ርቀት ትንሽ ስሌት ላስቀምጥ፣ የቀረው ምክር ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። 20 ኪሎ ጀሪካን ከወገባችሁ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ተያዘ እንበል። ይህን ክብደት ከኋላ የሚይዘው የጀርባ ጡንቻ ከአከርካሪው መሃል የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጡንቻው አሥር እጥፍ፣ የ200 ኪሎ ያህል ኃይል ማውጣት አለበት። ያጎነበሰው የራሳችሁ ደረትና ጭንቅላት ክብደት ገና አልተደመረም። ያንኑ ጀሪካን 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብታቀርቡት ወደ 100 ኪሎ ይወርዳል። ክብደቱ ያው ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጫናው በግማሽ ቀነሰ።

ስለዚህ ሙሉ ጀሪካን ከመሬት ማንሣት ግድ ሲሆን ከፊቱ ሳይሆን ከላዩ ቁሙ፤ አንድ እግር በዚህ፣ አንድ እግር በዚያ፣ እጀታው በቁርጭምጭሚቶቻችሁ መሃል። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። ጀርባችሁ ቀጥ ያለ ሰሌዳ መሆን የለበትም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አይጉበጥ። እጀታውን ከያዛችሁ በኋላ ሆዳችሁን ሊመታችሁ ለመጣ ሰው እንደምታጠነክሩት አጠንክሩና በጭናችሁ ግፉ። ከተነሣችሁ በኋላ ወደ ጎን መዞር ካስፈለገ እግራችሁን እያነሣችሁ ዙሩ። ወገብን ጠምዝዞ ማዞር ክብደት በያዘ ሰው ላይ ከከፉት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ይህን አነሣስ መማር ብቻውን ግን ወገብን አያድንም። ለሠራተኞች አነሣስ ብቻ የሚያስተምሩ ሥልጠናዎች የወገብ ሕመምን እንዳልቀነሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሸክሙን መክፈልና ከፍታውን መለወጥ ይበልጣል።

መክፈል ስል፣ ባለ 20 ጀሪካንን በግማሽ ሞልቶ መሸከም ማለቴ አይደለም። ግማሽ ውሃ በእያንዳንዱ እርምጃ ይናወጣል፣ ወገብም ውዝዋዜውን ለመያዝ ይታገላል። ሁለት ባለ 10 ጀሪካን እስከ አፋቸው ሞልቶ በሁለት እጅ መያዝ ይሻላል። 20 ኪሎ በአንድ እጅ ሲንጠለጠል የሌላኛው ጎን ጡንቻ ሰውነታችን እንዳይጋደም ስለሚጎትት አከርካሪው በሸክሙም በጉተታውም ይጨመቃል፤ ግራና ቀኝ ሲካፈል ጉተታው ይቀራል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ላይ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ለምትኖሩ ግን ሁለት እጅ መያዙ ራሱ ችግር አለው፤ የደረጃውን መደገፊያ የሚይዝ እጅ አይቀርም። እዚያ የምመክረው የተማሪ ጀርባ ቦርሳ ነው። ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አስገብታችሁ ማንገቻውን አሳጥሩት። 10 ኪሎው ጀርባችሁ ላይ ተለጥፎ ይወጣል፣ እጃችሁም ነፃ ነው። ምልልሱ ይበዛል፣ አውቃለሁ። ደረጃ መውጣት ግን በራሱ ጤነኛ ወገብን አይጎዳም።

ቤት ከደረሰ በኋላ ጀሪካኑን ወደ በርሜል መገልበጥ አለ። የበርሜል አፍ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ 20 ኪሎ በተዘረጋ ክንድ እዚያ ላይ ይዞ ማዘንበል ከመሸከሙ ይብሳል። ጀሪካኑን ከበርሜሉ ጎን ካለ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጡና በጆግ ቅዱት፤ ስድስት ሰባት ሊትር ሲቀረው አንሥታችሁ ድፉት።

ወደ ሳፋው ልመለስ፣ ምክንያቱም በእኛ ቤቶች ውስጥ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ነው። ቆሞ ለሚሠራ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ፣ እጅ የሚሠራበት ቦታ ከክርን ከ15 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ዝቅ ቢል ይመቻል። የብዙ ሴቶች ክርን ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሳፋው አፍ ከ80 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ይበቃል። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ብሎኬት ሦስት ሲደራረብ 60 ይሆናል፤ የሳፋው ጥልቀት 20 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ስለሆነ ሲደመር ልክ እዚያው ይደርሳል። ሁለት ዓምድ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሥሩ፣ በላያቸው ወፍራም ጣውላ አስተኙ፣ ሳፋውን ጣውላው ላይ አድርጉ። ዓምዱ እንዳይናድ የብሎኬቱ ሰፊ ጎን መሬት ላይ ይረፍ፣ ወለሉም ደልዳላ ይሁን፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ሥራው ሲያልቅ አፍርሱት። እግራችሁ ሥር ሌላ ብሎኬት አጋድማችሁ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ እግራችሁን አሳርፉበት። ወገብ ቆሞ ሲውል የሚይዘውን ድካም ይህ ያቀልላል።

ውሃውን በጆግ ሙሉ፣ በጆግም ቅዱና አውጡ፤ ሳፋውን ማንሣት ባዶ ሊሆን ሲል ብቻ ነው። ጂንስና ብርድ ልብስ ከማታው ይዘፍዘፍ፣ ማሸቱ ይቀንሳልና። ብርድ ልብስና ጋቢ ብቻችሁን አትጭመቁ። ወይ ሁለት ሆናችሁ ጫፍና ጫፍ ይዛችሁ ጠምዝዙ፣ ወይ በረንዳው ብረት ላይ አንጠልጥላችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ውሃው ራሱ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ወደ ገመዱ። የታጠበውን ልብስ የያዘው ባልዲ መሬት ላይ ሳይሆን በርጩማው ላይ ይቀመጥ። በርጩማዋ ለዚህ ሥራ ትሁን፣ ለመቀመጫ አትሁን። ከፍ ማድረግ የማይቻልበት ቤት ካለ ደግሞ በየ15 ደቂቃው ተነሥታችሁ፣ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ አምስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ማንኛውንም ከባድ ነገር ከማንሣታችሁ በፊትም ጥቂት ደቂቃ ቀጥ ብላችሁ ተራመዱ።

እንጀራ ጋገራም ያው ነው። 30 እንጀራ የሚጋግር ሰው የሊጡ ዕቃ መሬት ላይ ከሆነ ለመቅዳት 30 ጊዜ፣ ሰፌዱም መሬት ከሆነ ለማኖር ሌላ 30 ጊዜ፣ አክንባሎውን እታች እያሳረፈ ከሆነ ደግሞ ሌላ 30 ጊዜ ያጎነብሳል። ምጣዱን ብቻ በቋሚ እግሩ ላይ ከፍ ማድረግ ግማሽ ሥራ ነው። ሊጡ፣ ሰፌዱና የአክንባሎው ማሳረፊያ ከምጣዱ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ ሊጡ በምትቀዱበት እጅ በኩል፣ ሰፌዱ በሌላው። ምጣዱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው የወዲያኛውን ጠርዝ ለመድረስ ወገብ መታጠፉ አይቀርም። ምጣዱን ግድግዳ ላይ ከማስጠጋት ዙሪያውን የሚዞሩበት ቦታ ተዉለት፣ ክንዳችሁን ሳትዘረጉ በእግራችሁ ዙሩ። የኤሌክትሪክ ገመዱ መረማመጃ ላይ እንዳይጋደም ብቻ ተጠንቀቁ።

መጥረጊያ ላይ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን እንጨት እሰሩበት፤ ይኸው ነው። ወለል በጨርቅ የምትወለውሉ ከሆነ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ከወገብ ተሰብራችሁ ከምትወለውሉ በእጅና በጉልበት ተንበርክካችሁ፣ ጉልበታችሁ ሥር ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ። ሕፃን ስታዝሉ አንቀልባው ከፍና ጠበቅ ይበል፣ የልጁ ሆድ ከጀርባችሁ ጋር ይለጠፍ። ልጅ ታዝሎ ልብስ ማጠብ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ጎንበስ ባላችሁ ቁጥር የልጁ ክብደትም በወገባችሁ ላይ ይጨመራል።

በየሰፈሩ በሚሠሩት ሕንፃዎች ላይ የቀን ሥራ ለሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ቁጥር ላንሣ። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ፣ ከሰውነት ተጠግቶና በወገብ ከፍታ ለሚነሣ ሸክም እንኳ ያስቀመጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። እዚህ ላይ «በትክክል አንሣ» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ከመሬት ለሁለት መነሣት አለበት። ሲሚንቶው ከመኪና ሲወርድ መሬት ላይ ከሚጣል በእንጨት መደብ ላይ በወገብ ከፍታ ቢደረደር፣ ተሸካሚው ዞር ብሎ በትከሻው ይቀበላል። ፎርማን የሆናችሁ ሰዎች ይህን መደብ ማሠራት የእናንተ ሥራ ነው። ባሬላ ደግሞ አሸዋው እስከ አፉ ካልሞላ የማይረኩ አሉ፤ አንድ ምልልስ ለማትረፍ ሁለት ሰው ለሳምንት ሥራ ይፈታል።

አሁን ታክሲው። ከዳር ሰፈር መሃል ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቀመጥ የተለመደ ነው፣ መንገዱም ብዙ ቦታ ኮረኮንች ነው። ተቀምጦ መንቀጥቀጥ ለወገብ ከሁለት በኩል ይከብዳል፤ የጎበጠው ዲስክ ላይ ንዝረቱ ይጨመራል። መቀመጫችሁን እስከ መደገፊያው መጨረሻ ድረስ አስገቡ፤ ነጠላ ወይም ሹራብ እንደ ክንድ ውፍረት ጠቅልላችሁ ከቀበቶ መስመር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከወገባችሁ ጀርባ አስገቡ። ቦርሳ ጭናችሁ ላይ፣ ስልኩም ከደረት ዝቅ አይበል። መደገፊያ የሌለው ትርፍ መቀመጫ ላይ ከመቀመጥ፣ አቅም ያለው ሰው የሚቀጥለውን መኪና ቢጠብቅ ይሻለዋል። ስትወርዱ የድንች ከረጢቱን ወይም የገበያ ዘንቢሉን ወዲያው ጎትታችሁ አትሸከሙ። ወገባችሁ ከሳፋ ላይ እንደተነሣ ሰው ወገብ ነው። ቀጥ በሉ፣ ጥቂት ተራመዱ፣ ከዚያ አንሡ።

ፍራሽን በተመለከተ «ወገብ የሚያመው ሰው ጣውላ ላይ ይተኛ» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያለ ጥቅም አሠቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የስፔን ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። የስፖንጅ ፍራሻችሁ መሃሉ ከጎደጎደ ግን ራስጌውን ወደ ግርጌ፣ የላዩን ወደ ታች እያደረጋችሁ በየጥቂት ወሩ ቀይሩት፤ ጉድጓዱ ካልተመለሰ ጊዜው አልፏል። በጎን ስትተኙ በጉልበቶቻችሁ መሃል ትራስ አድርጉ። ወገብ ላይ የሚታሰረው ሰፊ ቀበቶ ጤነኛ ሰውን ከሕመም እንደሚከላከል ማስረጃ የለም፤ በእሱ ገንዘብ ባለ 10 ጀሪካኖቹን ግዙ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጫናን ስለመቀነስ ነው። ወገብ ግን የሚሰበር ዕቃ አይደለም፤ በሥራ የሚጠነክር አካል ነው። ሕመም እንዳይመለስ ከተሞከሩት ነገሮች ውስጥ ጠንካራ ማስረጃ ያለው እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን የእግር ጉዞ እንዲያደርስ አበረታታ። ሕመሙ እስኪመለስ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ በተራመዱት 208 ቀን፣ ባልተራመዱት 112 ቀን ነበር። ከዋናው አስፋልት እስከ ቤት ያለውን መንገድ በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ 30 ደቂቃው እዚያ አለላችሁ። በ10 ደቂቃ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ።

ከዚያ ሌላ አንድ ልምምድ ብቻ ላሳያችሁ። በእጅና በጉልበታችሁ ተንበርከኩ፤ መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። ሆዳችሁን በመጠኑ አጠንክራችሁ ቀኝ እጃችሁን ወደ ፊት፣ ግራ እግራችሁን ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ዘርጉ፤ 10 ሴኮንድ ያዙ፣ መልሱ፣ በሌላው ቀይሩ። በየጎኑ ስድስት ጊዜ፣ ዐረፍ ብሎ አራት፣ ከዚያ ሁለት። ብዙዎች የሚያበላሹት እግሩን ከጀርባቸው በላይ ሲያነሡት ነው፤ ያኔ ወገብ ይለመጣል። ጀርባችሁ ላይ ውሃ የያዘ ኩባያ ቢቀመጥ እንዳይደፋ ያህል ተረጋጉ። ጠዋት እንደነቁ ሳይሆን ቀን ወይም ማታ ይሠራ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ወገብ ሊይዝ ይችላል። ሲይዝ ለሳምንት አልጋ ላይ መዋል ማገገምን ያዘገያል። የሚቻለውን ያህል ተንቀሳቀሱ፣ በሞቀ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት፣ ከባዱን ሥራ ለቀናት ለሌላ ስጡ። አብዛኛው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻላል። ዲክሎፍናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በራስ ፈቃድ በየጊዜው መወጋት ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊት ላለበት ደግሞ ይብሳል።

አንዳንዱ ሕመም ግን ቤት ውስጥ የሚታለፍ አይደለም። በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አለመምጣት ወይም ማምለጥ፣ እግር መልፈስፈስ ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ሲያርፉም የማይተው፣ ሌሊት የሚብስ፣ ከትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ሕመም፣ በተለይ ጀርባ ላይ እብጠት ካለ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣና ከብት የሚያረባ ሰው ላይ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። እንዲህ ያለውን ጀርባ ሳይመረመር ወጌሻ እንዲጫነው አትፍቀዱ፤ በቲቢ የተበላ አከርካሪ ሲጫኑት ሊደረመስና ሕብለ ሰረሰሩን ሊጎዳ ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ላቡን፣ ትኩሳቱንና የክብደቱን መቀነስ ሳትጠየቁ ተናገሩ፣ «ወገቤን ብርድ መታኝ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ቲቢ ከሆነ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።